ለሳጥኑ የተቀመጠ ውሃ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
እሑድ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 2021

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለጋሼ ጎሳዬ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እትዬ ማንያህልሻልስ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ገና መጥቶ ሲያልፍ «እንኳን አደረሰዎ» ሳልል የቀረሁት ረስቼ አይደለም። ሦስት ጊዜ ወረቀት አንስቼ ሦስት ጊዜ መልሼ አስቀምጫለሁ። ጆሮዎ ደህና በነበረ ጊዜ ስደውልልዎ ከድምፄ ብቻ የሆዴን ያውቁብኝ ነበር። ወረቀትም እንደማያመልጥዎ አሁን ገባኝ፤ «ምን ደብቀሽኝ ነው ዝም ያልሽው?» ብለው ጻፉልኝ። ምንም አልደበቅኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ስለ ሥራዬ ለጠየቁኝ፣ አዎ፣ አሁንም እዚሁ ኮሎምበስ አጠገብ ደብሊን ከሚኖሩት ጃፓናዊት እናት ጋር ነኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ገብቼ ማታ እወጣለሁ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስላለኝ ልጃቸው ኬኒ ሉዊስ ሴንተር ከሚባለው ሰፈሩ መጥቶ አብሯቸው ይውላል። ስማቸው ሳዋኮ ነው፤ እኔ «እትዬ ሳዋኮ» እላቸዋለሁ። እትዬ ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው በጣም ወደዱት፤ አሁን ስልክ ሲያነሱ ሁሉ «እትዬ ሳዋኮ ነኝ» ይላሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው።

ለእርስዎ የሚሆን ወሬ አለኝ። ሳሎናቸው ውስጥ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን አለ፤ እዚያ ውስጥ ከአያታቸው የወረደ አንድ ጥቁር ሳጥን ይቀመጣል። ቁመቱ ከዳቦ አይበልጥም። ጥቁረቱ ፊት ያሳያል። ክዳኑ ላይ ሁለት ረጃጅም ወፎች በወርቅ ተሥለዋል፤ ክንፋቸው ላይ ያለው ላባ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቀለሙ ከዛፍ የሚደማ ሙጫ ነው ይላሉ እትዬ ሳዋኮ። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይቀቡታል፤ ሥዕሉን በእርጥቡ ሙጫ ይሥሉና ሳይደርቅ የወርቅ ዱቄት በቀርከሃ ቧንቧ በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ይነሰንሱበታል። ከዚያ መልሰው በጥቁር ይሸፍኑትና ወርቁ እንደገና እስኪወጣ በከሰል ይፍቁታል። ቀለሙ የሚደርቀው ደግሞ እርጥበት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው አሉኝ።

እና ጋሼ፣ ከገና በፊት ይህ ሳጥን ተሰነጠቀ። ከአንዱ ወፍ እግር ሥር፣ ክብሪት የምታህል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ናት። ማንም አልጣለውም። እርስዎ አርባ ዓመት የእንጨት ባለሙያ ነበሩና ልጠይቅዎ፤ ሳጥን በራሱ ጊዜ ሊሰነጠቅ ይችላል?

ከሳጥኑ በላይ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። እትዬ ሳዋኮ መርሳት ጀምረዋል። ጠዋት ጠዋት ማቀዝቀዣው በር ላይ በተለጠፈው ቀን መቁጠሪያ ላይ ትንሽ ክብ ይሥላሉ፤ ማታ ክቡን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «እሑድ እሑድ ይሻለኛል፤ ሌላው ቀን ግን ጭንቅላቴ የለም» ይላሉ። ኬኒ ነርሲንግ ሆም የሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ሊያስገባቸው ነው፤ በፌብሯሪ አጋማሽ ይፈራረማል። በዚህ ኮሮና ዘመን እዚያ የገቡ ሽማግሌዎች ልጃቸውን እንኳ በመስኮት ነው የሚያዩት። አንዳንዱም ሳያይ ቀረ። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፤ ልብሳቸውን እያጠፉ ያለቅሳሉ።

ይጻፉልኝ።
ልጅዎ ሐምራዊት


ጅማ
ጥር 16 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐምራዊት፤

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከጆሮዬ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ማንያህልሻል ጉልበቷን ቢያማትም ምላሷ ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ እንደተለመደው በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ ስለዚህ በእሷ ላይ የምጽፈውን ሁሉ ማንበቧን እወቂ።

በእርጥበት የሚደርቅ ቀለም! በእኔ ለማሾፍ ካልሆነ የተባረኩ ሰዎች ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ቫርኒሽ ቀብቼ ደመና በመጣ ቁጥር ሰማዩን ስረግም የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ሙጫ ጅማ አምጥተውልኝ ቢሆን ኖሮ ክረምቱን ሙሉ ሥራ ባልፈታሁ። በከሰል የሚፍቁትን ነገር እንደገና ጠይቂልኝ፤ የምን እንጨት ከሰል እንደሆነ ልወቅ።

ሳጥን በራሱ ጊዜ ይሰነጠቃል ወይ ላልሽው፣ በራሱ ጊዜ የሚሰነጠቅ እንጨት የለም። እንጨት ከተቆረጠም በኋላ ይጠጣል። ጅማ እርጥብ አገር ነው፤ እዚህ የሠራነው ቁም ሣጥን ድሬዳዋ ሲደርስ ይጠማውና አፉን ይከፍታል። እኔም አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። የእሱን ታሪክ ተይው። ከዚያ ወዲህ ዕቃዬን ወደ ቆላ የሚወስድ ደንበኛ ሲመጣ «ቁም ሣጥኑ ውስጥ በጣሳ ውሃ አስቀምጥለት» እለው ነበር፤ ሰዎቹ ያበድኩ ይመስላቸዋል።

እናንተ ዘንድ ክረምቱን ቤቱን በማሞቂያ ታነዱታላችሁ አይደል? አየሩ ይደርቃል። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ያ ሳጥን ያን ያህል ዘመን ኖሮ፣ እዚያ አገርም ስንት ክረምት አሳልፎ ዘንድሮ ለምን ጠማው? እንዲህ ያለ ዕቃ የሚያውቁ ሴትዮ እንዴት ከአጠገቡ ውሃ ሳያኖሩለት ቀሩ?

ለሴትዮዋ እግዜር ይርዳቸው። በስተርጅና ከገዛ ቤት መውጣት ከሞት አይተናነስም።

አባትሽ ጎሳዬ


ኮሎምበስ
እሑድ፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 2021

ውድ ጋሼ፤

ደብዳቤዎን መኪና ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ አንብቤም ሞተሩን ማስነሳት አቃተኝ። ውሃ የሚያኖርለት ሰው ነበር። የሚደፋውም ሰው ነበር። የደፋሁት እኔ ነኝ።

እትዬ ማንያህልሻል ይህን እያነበቡ እንደሆነ አውቃለሁ። እባክዎ እትዬ፣ ለጎረቤት አይንገሩብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር ላይ፣ እኔ እዚያ ከገባሁ የመጀመሪያው ክረምት ነው፣ ማሞቂያው በተከፈተ ሰሞን እትዬ ሳዋኮ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞልተው ከሳጥኑ ጎን ማስቀመጥ ጀመሩ። በየጠዋቱ ያስቀምጣሉ፤ ሲያስቀምጡም ጎንበስ ይላሉ። ጋሼ፣ እኔ በእናንተ እጅ ያደግኩት ከእማማ ቆንጂት አጥር ጎን አይደል? ጓዳቸው ጥግ ለቆሌያቸው በስኒ ያኖሩት የነበረውን፣ «አትንኪ፣ አትቅረቢ» ስባል ያደግኩትን አይረሱትም። ጥቁር ሳጥን፣ የወርቅ ወፍ፣ ከፊቱ ውሃ፣ ጎንበስ ማለት። ሌላ ምን ላስብ? ደግሞም እወዳቸዋለሁ። እንዲህ ያሉ ደግ ሴት ለመንፈስ ሲገዙ ዝም ብዬ ማየት ሆዴ አልቻለም። ስለዚህ ከምሳ በፊት ጋደም ሲሉ ጠብቄ በኢየሱስ ስም እያልኩ ውሃውን ወጥ ቤቱ ሲንክ ውስጥ እደፋው ነበር። ብርጭቆውንም አድርቄ ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ከኅዳር እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ከእሑድ በቀር አንድ ቀን አላጓደልኩም።

በእርስዎ ደብዳቤ ማግስት «ይህ ውሃ ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሂተሩ አየሩን ሲያደርቀው ሳጥኑ እንዳይጠማው ነው» አሉኝ። እርስዎ ያሉትን ቃል በቃል! «ጎንበስ የሚሉትስ?» ብላቸው ሳቁ። መደርደሪያው ዝቅ ስላለ ወገባቸውን እያመማቸው ነው። «ስለ ሳጥኑ ስለጠየቅሽኝ ደስ አለኝ፤ ልጄ እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። ቀጥለውም «አሁንማ ውሃውን መሙላቱንም እየረሳሁ ነው» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩ። ምስኪን።

የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ ጋሼ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ውሃውን አልነካሁም። ስንጥቁ ግን እንዳለ ነው። እባክዎ ስንጥቁ የሚዘጋበት ዘዴ ካለ ይንገሩኝ፤ ማንም ሳያውቅ ላስተካክለው። ቢያውቁ ከሥራ ያስወጡኛል፤ ከዚያ ይልቅ ደግሞ ዓይናቸውን ማየት እፈራለሁ።

ሐምራዊት


ጅማ
የካቲት 1 ቀን 2013 ዓ.ም.

ሐምራዬ፤

ስንጥቁን ተይው። ከእንጨት ይልቅ የሰው ነገር ነው ያስጨነቀኝ፤ እንደ ልማዴ ሰላምታ ሳላበዛ በመጻፌም ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሁለቱን ደብዳቤዎችሽን ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኳቸው። ሴትዮዋ ውሃ መሙላት ረሳሁ ይላሉ። ውሃውን የደፋሽው አንቺ ነሽ። ታዲያ የረሱት ምኑን ነው? እሑድ እሑድ የሚሻላቸውስ ለምን ይመስልሻል? እሑድ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ነሽ። ያ በየጠዋቱ የሚሥሉት ክብ፣ «ዛሬ ሞልቻለሁ» ብለው ለራሳቸው የጻፉት ምስክር ቢሆንስ? ጠዋት ምልክት ያደርጋሉ፤ ማታ ብርጭቆው ደርቆ ያገኙታል። እኔ ብሆን እኔም አብጃለሁ ብዬ እደመድም ነበር።

ልጄ፣ አልተቆጣሁሽም። የምቆጣበት አፍም የለኝም። ያን «ተይው» ያልኩሽን ታሪክ አሁን ስሚው።

ሠላሳ ዓመት አለፈው። ለአንድ የድሬዳዋ ነጋዴ ትልቅ ቁም ሣጥን ሠራሁ። እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ ነበር፤ ስለቸኮልኩ አውቄ ነው የሠራሁት። የጫነው ጣሰው የሚባል ሾፌር ነው፤ ያኔ ገና ጎረምሳ ነበር። ዕቃው እዚያ በደረሰ በሳምንቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ነጋዴው እየጮኸ መጣ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሾፌሩ አንገጫግጮት ነው» አልኩ። ባለመኪናው ጣሰውን ከሥራ አስወጣው። ልጁ ደጄ መጥቶ «ይቅርታ ጋሼ፣ ሥራዎን አበላሸሁት» ብሎኝ ሄደ። ይቅርታ ጠየቀኝ! እኔም «ግድ የለም» አልኩት። አየሽ፣ ይቅርታውን ተቀበልኩት።

ስለዚህ ነው የምነግርሽ። እንጨት የሰነጠቀ ሰው ያድራል ይነጋለታል። ሰውን ራሱን እንዲጠራጠር ያደረገ ግን አይነጋለትም። ልጃቸው የሚፈርመው መቼ ነው ያልሽው? ከዚያ በፊት ንገሪያቸው።

ይህን ታሪክ ለማንያህልሻልም ነግሬያት አላውቅም፤ ፎቶ ስታነሳ ልታነበው ነው። እግዜር ይሁነኝ።

ጎሳዬ

(ከዳር፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት፦) አንብቤዋለሁ። እሱን እኔ አነጋግረዋለሁ፤ አንቺ ሂጂና ተናገሪ። ማንያህልሻል።


ኮሎምበስ
እሑድ፣ ፌብሯሪ 21 ቀን 2021

ለጋሼ ጎሳዬና ለእትዬ ማንያህልሻል፤

«ነገርሻቸው ወይስ እንቅልፍ አጥተን እንክረም?» ብላችሁ ላካችሁብኝ። ነግሬያቸዋለሁ። እፎይ በሉ፤ እኔም እፎይ ብያለሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ አሥር ቀን ሙሉ ነገ ነገ ስል ነበር። ባለፈው ሰኞ ደግሞ በረዶ መንገድ ዘጋብን፤ እውነቱን ለመናገር በረዶው ሲዘንብ ደስ አለኝ። ማክሰኞ መንገዱ ተጠረገ። ረቡዕ ኬኒ ወረቀቱን ይዞ መጣ።

ወረቀቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነበር። እትዬ ሳዋኮ እስክሪብቶውን አንስተው መነጽራቸውን ሲፈልጉ አየኋቸው። መነጽሩ አጠገቤ ነበር። መስጠት አልቻልኩም፤ በእጄ ጨበጥኩትና ተናገርኩ።

«እትዬ ሳዋኮ፣ ውሃውን የምደፋው እኔ ነበርኩ።»

«ኤክስኪውዝ ሚ? ምን አልሽ?» አለ ኬኒ።

«የሳጥኑን ውሃ። ለመንፈስ የተቀመጠ መስሎኝ ከኅዳር ጀምሮ በየቀኑ እደፋው ነበር። እሳቸው ሞልተውታል። ሁልጊዜ ይሞሉታል።»

ኬኒ «አር ዩ ኪዲንግ ሚ? ትቀልጃለሽ?» ብሎ ተነሣ። የተናገረውን ሁሉ አልጽፍልዎትም፤ ልጅ ለእናቱ ሲል የሚናገረው ነው፤ እውነቱንም ነው። እሳቸው ግን እሱን አልሰሙትም። ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ማቀዝቀዣው ጋ ሄዱና ቀን መቁጠሪያውን አወረዱ። የአምናውንም ከሥሩ አውጥተው ወደ ኅዳር ገለበጡት። ጣታቸውን አንዱ ክብ ላይ አደረጉ።

«ይሄን ቀን ሞልቼ ነበር?»

«ሞልተው ነበር።»

«ይሄንንስ?»

«ሞልተው ነበር።»

ጋሼ፣ እንዲያ እያሉ ኅዳርን ጨረሱ። ታኅሣሥንም ጨረሱ። እያንዳንዱን ክብ እየነኩ ጠየቁኝ፤ እኔም እያለቀስኩ መለስኩ። ኬኒ መጀመሪያ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር፤ ጃንዋሪ ላይ ስንደርስ ግን ተቀምጦ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ለካ እናቱን ወደዚያ ለመውሰድ የቆረጠው በእነዚያ ክቦች ነው። «ሞላሁ ብላ ምልክት ታደርጋለች፣ ማታ ግን ብርጭቆው ባዶ ነው ትለኛለች» ብሎ ለሐኪሙም ነግሮታል። የመጨረሻውን ክብ ሲነኩ ወደ ልጃቸው ዞር አሉ።

«ኬኒ፣ እኔ አልረሳሁም» አሉት።

ከዚያ ሳቁ። እንባቸው እየወረደ፣ ጠረጴዛውን በእጃቸው እየመቱ ሳቁ። እኔ «ሳጥኑ ግን በእኔ ተሰነጠቀ» ስላቸው «ሳጥን ይጠገናል» ብለው ክዳኑን አምጥተው በጀርባው ገለበጡልኝ። በውስጥ በኩል የድሮ ጥገና አለ፤ ካላሳዩት አይታይም። እናታቸው ልጅ ሳሉ፣ በሰባት ዓመታቸው፣ ፀሐይ ላይ ረስተውት ነው። «እናቴ ጥፋቷን በተናገረች ቀን አያቴ ከረሜላ ሰጠቻት» አሉኝ። ለእኔም ሰጡኝ፤ የዝንጅብል ነው፤ ያቃጥላል።

ኬኒ ካፖርት ሳይደርብ ወጥቶ በረዶው ላይ ብዙ ቆመ። ሲመለስ መጦሪያው ቤት ደውሎ ካንስል አደረገው። ሐኪሙም እንደገና ሊመረምራቸው ቀጠሮ ሰጥቷል። «መነጽሬን አንዳንዴ እረሳለሁ፣ እሱን ልነግረው ነው» ይላሉ። ከእኔ ጋር ኬኒ ገና ሙሉ በሙሉ አልታረቀም፤ ሰላም ይለኛል፣ አይቀመጥም። አልፈርድበትም። ከሥራ ግን አልወጣሁም። እትዬ ሳዋኮ ፈርደውብኛል፤ ጠዋት ጠዋት ውሃውን የምሞላው እኔ ነኝ፣ ክቡንም የምሥለው እኔ ነኝ፣ እሳቸው ተነሥተው ይቆጣጠሩኛል። ስንጥቁም ውሃ ከጠጣ ወዲህ ገጠም ብሏል፤ የቀረውን በረራ ሲከፈት ጃፓን ያለ ጠጋኝ ይሠራዋል።

ከሰሉን ጠይቄልዎታለሁ። ለስላሳ እንጨት መሆን አለበት አሉ፤ የመጨረሻውን ማወልወል ደግሞ በጣት ጫፍ ነው የሚሠሩት።

ጌታ ይባርክዎ ጋሼ። እርስዎ ባይጽፉልኝ ኖሮ መነጽሩን እሰጣቸው ነበር።

ሐምራዊት


ጅማ
መጋቢት 5 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐምራዊት፤

ደብዳቤሽን ማንያህልሻል ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ እኔ ሦስት ጊዜ። «ኬኒ፣ እኔ አልረሳሁም» ያሉበት ላይ ስደርስ ሁልጊዜ መነጽሬን አወልቃለሁ። እሰይ። እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው። ለዚያ ልጅም ጊዜ ስጪው፤ ቂም ሳይሆን ድንጋጤ ነው።

«እርስዎስ?» ብለሽ አልጻፍሽም፤ አክብረሽኝ ነው። ማንያህልሻል ግን አላከበረችኝም። ደብዳቤሽን ካነበበች ጀምሮ ራት ባቀረበች ቁጥር «ጣሰው አጋሮ ነው ያለው» ትለኛለች። ስለማልሰማ ወረቀት ላይ ጽፋ ሳህኑ ሥር ታደርገዋለች። ሦስተኛው ቀን ላይ ተነሥቼ ሄድኩ።

ጣሰው ሽበት ወርሶታል። መኪና ከዚያ ወዲህ ነድቶ አያውቅም፤ ቡና ይለቅማል፣ ንብ ያንባል። እንዳየኝ አወቀኝና ወንበር ሊያመጣልኝ ሮጠ። ሳልቀመጥ ነገርኩት። «እንጨቱ እርጥብ ነበር፤ አንተ ምንም አላደረግክም፤ እኔ ዋሽቼብህ ነው» አልኩት። የራሴን ድምፅ ስለማልሰማው ጮኼ ይሁን አንሾካሹኬ አላውቅም።

ሊመታኝ ነው ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም አልከለክለውም ነበር። ከዚያ ወረቀትና እርሳስ ሰጠሁትና ጻፈልኝ። በዚያ ጉዞ መኪናው አዋሽ አጠገብ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶበት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ጉድጓድ ሲያስብ ኖሯል። ትንሽ ቀስ ብል ኖሮ እያለ፣ ለመንዳት አልተፈጠርኩም እያለ። መሪ የያዘ ሰው ባየ ቁጥር እጁ ያልበው ነበር።

እርሳሱን አስቀምጦ ተነሣ። ወደ ጓሮ ዞሮ ሚስቱን ጠራ። ጆሮዬ አይሰማም ልጄ፤ አፉን ግን አየሁት። ደጋግሞ ነው ያለው። «እኔ አይደለሁም! ነይ ስሚ፣ እኔ አይደለሁም!»

ማር አስይዞኝ ነው የመጣሁት።

አባትሽ ጎሳዬ

(ከዳር፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት፦) ማሩን በላነው። ሐምራዬ፣ ዛሬ ውሃውን ሞላሽ?